ሕመምተኛው ነቅቷል፤ ጠባቂው ግን ተኝቷል

ሐና ግሪነር የ15 ዓመት ልጅ ነበረች። የምትኖረው በሰሜን እንግሊዝ፣ ከኒውካስል ከተማ አጠገብ፣ ዊንላተን በምትባል መንደር ነበር። የእግሯ ጣት ጥፍር ወደ ሥጋዋ እየገባ ስላሠቃያት መነቀል ነበረበት። ቀደም ብሎ ሌላ ጥፍሯ ሆስፒታል ውስጥ በኤተር ደንዝዛ ወጥቶላት በሰላም ተመልሳለች። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 28 ቀን 1848 ቤቷ ድረስ የመጣው ሐኪም ሜጊሰን የያዘው ግን ኤተር ሳይሆን ክሎሮፎርም ነበር። ልጅቱ ፈርታ ታለቅሳለች። ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨርቅ ላይ አፍስሶ አፍንጫዋ ላይ ያዘላት። ሁለት ጊዜ ሳብ አድርጋ እጁን ገፋችው። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ እንድትተነፍስ ነገራት፤ እሺ አለች። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ረዳቱ መቁረጥ ሲጀምር ድንገት ፈራገጠች። ወዲያው ከንፈሯ ነጣ፣ አፏ አረፋ ደፈቀ። ፊቷ ላይ ውኃ ረጩ፣ ብራንዲ አጠጧት፣ ደሟን ለማፍሰስ ሞከሩ። ክሎሮፎርሙን መሳብ ከጀመረች ሦስት ደቂቃ ያህል ሳይሞላ አለፈች።

ክሎሮፎርም በማደንዘዣነቱ በዚያን ጊዜ ገና ሦስት ወር ያልሞላው ግኝት ነበር። የኤዲንብራው የማህፀን ሐኪም ጄምስ ያንግ ሲምሰን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በቤቱ ማዕድ ዙሪያ ሆኖ የሞከረው ኖቬምበር 4 ቀን 1847 ነው። የክሎሮፎርም ታላቅ ወንድም የሆነው ኤተርም ቢሆን በአደባባይ ከታወቀ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላውም፤ የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል አንድ ሕመምተኛ በኤተር አደንዝዞ፣ ቀዶ ሐኪሙ ጆን ኮሊንስ ዋረን ከአንገቱ ላይ እባጭ ያወጣለት ኦክቶበር 16 ቀን 1846 ነበር። የሰው ልጅ በቢላዋ ሥር ሳይጮኽ መተኛት መቻሉ ዓለምን አስደንቆ ሳያበቃ የአንዲት ጤነኛ ልጅ ሞት መጣ። የገደላት ምንድን ነው? ትንፋሿ ነው መጀመሪያ የቆመው ወይስ ልቧ? ሲምሰን ልጅቱን የገደላት ተኝታ ሳለች አፏ ውስጥ የፈሰሰው ብራንዲና ውኃ ነው፣ አንቋት ነው አለ። ሌሎች አልተቀበሉትም። ከዚህ ክርክር የተነሣው ጥያቄ ወደ ሰው ሳንባ፣ ወደ አንጎል፣ በመጨረሻም ወደ አንገት ሥር ወደምትገኝ ጥቂት ሥጋ እስኪደርስ ከ150 ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ጥያቄውን ከሁሉ በፊት በሚዛን የያዘው ሰው ለንደን ውስጥ ይኖር ነበር። ጆን ስኖውን ብዙ ሰው የሚያውቀው በ1854 በብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ የኮሌራን መንገድ በማሳየቱ ነው። ከዚያ በፊት ግን ዋና ጉዳዩ ትንፋሽ ነበር። ገና በ1841 ታፍነው ስለሚወለዱ ሕፃናትና ስለሚነቁበት መንገድ ለለንደን ሐኪሞች ጽሑፍ አንብቧል። ኤተር አትላንቲክን ተሻግሮ ሲመጣ ሌላው ሁሉ በመድኃኒቱ ተአምር ሲደመም ስኖው የጠየቀው ሌላ ነበር፤ ሕመምተኛው በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚስበው አየር ውስጥ ስንት እጁ ኤተር ነው? ክፍሉ ሲሞቅ ብዙ ይተናል፣ ሲበርድ ጥቂት። ጨርቅ ላይ ፈስሶ አፍንጫ ላይ የሚያዝ መድኃኒት መጠኑ አይታወቅም ማለት ነው። ስለዚህ ውኃ ሙቀቱን የሚጠብቅለትና ከልካይ ክዳን ያለው መሣሪያ ሠራ። በ1847 ባሳተመው መጽሐፍ የኤተርን ስካር በአምስት ደረጃ ከፈለው፤ ደረጃዎቹን ያነበበውም በአብዛኛው ከትንፋሽ ላይ ነው። በአራተኛው ደረጃ ሕመምተኛው ያንኮራፋል፣ ጡንቻው ይላላል። በአምስተኛው ትንፋሽ ይደክማል፣ ይቆራረጣል፣ ይቆማል። ይህን አምስተኛውን ስኖው የገለጸው በእንስሳት ላይ አይቶ ነው።

ስኖው ስለ ሐና ግሪነር ያለው ፍርድ ከሲምሰን የተለየ ነበር። ጨርቁ ላይ የነበረው ክሎሮፎርም በጣም ወፍሮ ባንድ ጊዜ ገባባት፣ ልቧን መታው አለ። በ1853 ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ሲወልዱ ክሎሮፎርም የሰጣቸው እሱ ራሱ ነው፤ የሰጠውም በመሐረብ ላይ በጥቂት በጥቂቱ እያንጠባጠበ፣ ለ53 ደቂቃ ነበር። በ1858 ከሞተ በኋላ የታተመው መጽሐፉ በክሎሮፎርም የሞቱ 50 ሰዎችን ታሪክ አንድ በአንድ ይመረምራል። ያ መጽሐፍ ለኔ ከኮሌራው ካርታ አያንስም። ሞትን ሳያድበሰብስ፣ ስም ሳይጠብቅ፣ የእያንዳንዱን ሕመምተኛ የመጨረሻ ደቂቃዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ «ቀድሞ የቆመው የትኛው ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከሱ በፊት አልነበረም።

ግን የሱ መልስ ሁሉን አላሳመነም። ብሪታንያ በሁለት ጎራ ተከፈለች። የለንደን ሰዎች የሕመምተኛውን የልብ ትርታ በጣታቸው ይዘው ይጠብቃሉ። የኤዲንብራ ሰዎች፣ በተለይ የቀዶ ሐኪሙ የጄምስ ሳይም ደቀ መዛሙርት፣ ትርታውን ተዉት፣ ትንፋሹን አድምጡ ይላሉ፤ ማንኮራፋቱ ከበረታ ምላሱን ወደፊት ሳቡት ብለው ያስተምራሉ። ታዋቂው ቀዶ ሐኪም ጆሴፍ ሊስተርም የዚህ ጎራ ነበር።

ጠቡ ሩቅ ሄዶ ሕንድ ደረሰ። ከሳይም ተማሪዎች አንዱ ኤድዋርድ ሎሪ በሃይደራባድ የሕክምና ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾሞ ነበር። መምህሩ ትክክል መሆኑን በሙከራ ላረጋግጥ ብሎ በ1888 ኮሚሽን አቋቋመ። ውሾችን በክሎሮፎርም እየገደሉ ትንፋሽና ልብ የትኛው ቀድሞ እንደሚቆም መዘገቡ፤ ትንፋሽ ነው አሉ። ላንሴት የተባለው የለንደን መጽሔት ይህን ሊያምን አልፈለገም። የሃይደራባዱ ገዢ ኒዛም ማህቡብ አሊ ኻን 1,000 ፓውንድ ሰጡ፤ መጽሔቱ የራሱን ሰው ይላክና ሙከራው በፊቱ ይደገም ተባለ። በ1889 የመጣው ቶማስ ላውደር ብራንተን ነበር፤ የዘመኑ ታላቅ የመድኃኒት ሊቅ፣ ክሎሮፎርም ልብን እንደሚገድል የሚያምን ሰው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ውሾች፣ ዝንጀሮዎች፣ ፍየሎችና ፈረሶች ከተሞከሩ በኋላ ብራንተን ሐሳቡን ለውጦ ለመጽሔቱ በቴሌግራም አስታወቀ። ትንፋሽ ይቀድማል።

ሎሪ ደስ አለው፤ ጉዳዩ የተዘጋም መሰለ። ይሁንና በ1911 ጉድማን ሌቪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ድመቶችን በቀላል ክሎሮፎርም አደንዝዞ ትንሽ አድሬናሊን ቢወጋቸው ልባቸው በድንገት ተንቀጥቅጦ ቆመ። በጥልቅ ሰመመን ሳይሆን በስሱ! የፈራና የተጨነቀ ሰው ሰውነት ደግሞ አድሬናሊን ራሱ ያመነጫል። ከልቅሶዋ ጋር የተኛችው የዊንላተኗ ልጅ በዚህ መንገድ ሞታ ሊሆን ይችላል። ሎሪ የሳተው አንዱን የሞት መንገድ ብቸኛው መንገድ ነው በማለቱ ነው። ቢሆንም ለትንፋሽ መጨነቁ ከንቱ አልነበረም፤ ክሎሮፎርም ቀስ እያለ ሲበዛ፣ ሌላው ጋዝ ሁሉ ሲበዛ፣ መጀመሪያ የሚጠፋው እውነትም ትንፋሽ ነው። ለምን ይጠፋል የሚለውን ግን በሃይደራባድ የተሰዉት እንስሳት ሊመልሱ አልቻሉም። ሰውን በጤናው የሚያስተነፍሰው ምን እንደሆነ ገና በቅጡ አልታወቀም ነበርና።

ያ መልስ በሁለት ደረጃ መጣ። በ1905 ጆን ስኮት ሃልዴንና ጆን ፕሪስትሊ በኦክስፎርድ እንዳሳዩት ትንፋሻችንን ከደቂቃ ደቂቃ የሚገዛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በሳንባ ከረጢቶች ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 0.2 እጅ ብቻ ከፍ ቢል የምንተነፍሰው አየር እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚቆጣጠረው በዋናነት የአንጎል ግንድ ነው። ሁለተኛውን ያሳየው በቤልጅየም ጌንት ከተማ የነበረው ኮርኔይ ሄይማንስ ሲሆን በ1938 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በአንገታችን ግራና ቀኝ፣ ደም ወደ ራስ የሚወጣበት ትልቁ የደም ሥር ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ከሩዝ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ሥጋ አለ። ካሮቲድ አካል ይባላል። የሚያልፈውን ደም እየቀመሰ ኦክስጅን ሲጎድል ለአንጎል ይናገራል፤ አንጎልም ትንፋሽን ያበረታል። ኦክስጅን ሲያጥረን በጥልቅና ቶሎ ቶሎ እንድንተነፍስ የሚቀሰቅሰን ጠባቂ ይህ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። የሚያሳዝነው፣ የኦክስጅን እጥረት እንደ ጭስ አያስልም፣ እንደ መታፈንም አያስጨንቅም፤ ጠባቂው ዝም ካለ ሰው ሳይታወቀው ይደክማል።

በዚህ መሐል የሰመመን ባለሙያዎች ሥራቸውን ትንፋሽን እያዩ ይቀጥሉ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንሳይ የዘመተው አሜሪካዊው አርተር ጉዴል በሞተር ብስክሌት ከአንድ የጦር ሆስፒታል ወደ ሌላው እየሮጠ፣ በችኮላ ለሠለጠኑ ነርሶችና አስታማሚዎች የሚሆን አንድ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። የዓይን እንቅስቃሴ፣ የብሌን ስፋት፣ ከሁሉ በላይ የደረትና የሆድ አነሳስ ተዘርዝሮበታል። ትንፋሹ እንደ እንቅልፍ ሲስተካከል ቀዶ ሐኪሙ ይጀምር። የጎድን አጥንት ጡንቻ ሰንፎ ሆድ ብቻ ሲነሣ ኤተሩን ቀንስ። ሠንጠረዡ ብዙ ሕይወት ያተረፈው በጥሩ ምክንያት ነው፤ ኤተር ይቅር ባይ ነው። ሰመመኑ ጠለቅ እስኪል ድረስ ትንፋሽ በኤተር ሥር እምብዛም አይዳከምም፤ ሐኪሙ ቢሳሳት እንኳ ሕመምተኛው በራሱ እየተነፈሰ ጊዜ ይሰጠዋል።

ግን ኤተር ይሸታል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ በእሳት ይያያዛል። ኦፕራሲዮን ክፍል በኤሌክትሪክ መሣሪያ ሲሞላ መተኪያ ተፈለገ። በ1951 በእንግሊዝ የአይሲአይ ኩባንያ ኬሚስት ቻርልስ ሳክሊንግ ሃሎቴንን ሠራ፤ በ1956 ማይክል ጆንስተን ማንቸስተር ውስጥ ለሰው ሰጠው። ጣፋጭ ሽታ ያለው፣ ጉሮሮ የማይከረክር፣ የማይቀጣጠል፤ ሕፃን እንኳ ሳያለቅስ የሚተኛበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ።

የሃሎቴን ትንፋሽ ሲታይ ያማረ ነው። ፈጣንና እኩል፣ የማይንተፋተፍ። ጉዴል ቢያየው ደስ ይለው ነበር። ነገር ግን በ1960ዎቹ አሜሪካዊው ኤድመንድ ኢገርና ባልደረቦቹ የጋዞችን ጉልበት የሚያወዳድሩበት መለኪያ አወጡ፤ ቆዳ ሲቀደድ ከሕመምተኞች ግማሹ የማይንቀሳቀሱበት መጠን አንድ ተብሎ ተሰየመ፤ በሃሎቴን ይህ መጠን ከአየሩ ከመቶ 0.75 እጅ ያህል ነው። መለኪያ ከተገኘ በኋላ በ1969 በጤነኛ ፈቃደኞች ላይ ጋዞቹን ጎን ለጎን ሲያነጻጽሩ ያ ያማረ ትንፋሽ ጎደሎ መሆኑ ታየ። ሒሳቡን ማየት ደግ ነው። አንድ ሰው በደቂቃ 10 ጊዜ፣ በየጊዜው 500 ሚሊሊትር ቢተነፍስ 5 ሊትር ነው። 20 ጊዜ በ250 ሚሊሊትር ቢተነፍስም 5 ሊትር ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ትንፋሽ 150 ሚሊሊትር ያህሉ በጉሮሮና በአየር ቧንቧ ቀርቶ ከደም ጋር ሳይገናኝ ይመለሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሰው ከረጢቶች ጋ የሚደርስለት 3.5 ሊትር ሲሆን የሁለተኛው 2 ሊትር ብቻ ነው። ጋዝ የሚስብ ሕመምተኛ ትንፋሽ እንደ ሁለተኛው ይሆናል፤ አጭርና ቶሎ ቶሎ። የማይወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደሙ ይጠራቀማል። በጤና 40 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሆነው መጠን በሃሎቴን ከ45 በላይ ይወጣል፤ ኤንፍሉሬን በተባለው ጋዝ እስከ 60 ይደርሳል። መጠራቀሙ ትንፋሽን ሊያበረታው ሲገባ አንጎል በጋዙ ፈዟልና እንደ ወትሮው አይመልስም። ቀዶ ሐኪሙ ቢላዋውን ሲያሳርፍ ትንፋሹ ጥቂት ይነቃቃል፣ ሲያቆም ይመለሳል።

ይህን ያህሉ ብዙ ሰው አላስደነገጠም። ምክንያቱም በ1942 ሃሮልድ ግሪፊዝ ሞንትሪያል ውስጥ ኩራሬን ለሰመመን ከተጠቀመ ወዲህ ጡንቻን አላልቶ በማሽን ማስተንፈስ እየተለመደ ሄዷል። ሕመምተኛው ተኝቶ ሳለ በራሱ ባይተነፍስ ማሽኑ ይተነፍስለታል። ችግሩ እሱ ሲነቃ ያበቃል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የመማሪያ መጻሕፍትም አንድ የሚያጽናና ነገር ያስተምሩ ነበር፤ ሁሉም ቢፈዝ የኦክስጅኑ ጠባቂ የመጨረሻው ነው የሚፈዘው፣ እጅግ ጠንካራ ነው እያሉ።

ሪቻርድ ኒልና ኤድሪያን ጌልብ ይህን የሚያጽናና ትምህርት ወስደው መለኩት። ቦታው ካናዳ ውስጥ ለንደን የምትባል የኦንታሪዮ ከተማ ነው። ቀደም ብሎ በ1974 ካሊፎርኒያ ውስጥ በውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ጥርጣሬ አሳድሮ ነበር፤ ሰውን ማየት ግን ገና ይቀር ነበር።

የሙከራው ጥበብ ቀላል አይደለም። ሰውየው የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ኦክስጅኑን ቀስ በቀስ ትቀንሳለህ፤ ሲጎድልበት በብርቱ መተንፈስ ይጀምራል። ነገር ግን በብርቱ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ያወጣዋል፤ እሱ ሲወርድ ደግሞ አንጎል «በቃ፣ ቀንስ» ይላል፣ የኦክስጅኑም ምላሽ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ በየትንፋሹ እየለኩ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሰው መጨመር አለባቸው፣ እሱ ሳይነቃነቅ ኦክስጅኑ ብቻ እንዲወርድ። በዚህ መንገድ ጤነኛ ሰዎችን መጀመሪያ ነቅተው፣ ከዚያ በትንሽ ሃሎቴን፣ ከዚያ ተኝተው ለኩ። ትንሹ መጠን ከመኝታው መጠን አንድ አሥረኛ ነው፤ ከሚተነፍሱት አየር ከሺህ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ይህን የሳበ ሰው ሲጠሩት ይመልሳል፣ ያወራል። ብንጠይቀው ነቅቻለሁ ይላል።

በ1978 ያሳተሙት ውጤት እንዲህ ነው። በዚያ አንድ አሥረኛ መጠን ሰዎቹ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጡት ምላሽ ብዙም አልተነካም። ለኦክስጅን እጥረት የሚሰጡት ምላሽ ግን ነቅተው ከነበረው ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። በሙሉ የመኝታ መጠን ጨርሶ ጠፋ። መጨረሻ ይፈዛል የተባለው ጠባቂ ከሁሉ ቀድሞ ፈዝዞ ተገኘ።

ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነብ ቆም ብዬ ደግሜ ያነበብኩት አደጋው የት እንደሆነ ሲገባኝ ነው። በኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ባለሙያው ራስጌ ቆሞ ነው፣ ኦክስጅኑም ማሽኑም አለ። አደጋው ከዚያ በኋላ ነው። ሃሎቴን በስብ ውስጥ ይሟሟል፤ ከሰውነት ተንጠፍጥፎ እስኪወጣ ሰዓታት ይፈጃል። ሕመምተኛው ዓይኑን ገልጧል፣ ስሙን ተናግሯል፣ ጭንብሉ ወርዷል፣ በአልጋ ተገፍቶ ወደ ማገገሚያ ክፍል ሄዷል፤ ደሙ ውስጥ ግን ያ አንድ አሥረኛ ገና አለ። ምላሱ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጉሮሮውን ቢዘጋው፣ የሕመም ማስታገሻው ቢከብደው፣ ኦክስጅኑ ቢወርድ፣ ማን ይቀሰቅሰዋል?

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ፤ ክርክሩም ጥሩ ክርክር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ዴናም ዋርድና ባልደረቦቹ አይሶፍሉሬን በተባለው አዲስ ጋዝ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው የኦክስጅኑ ምላሽ አልተነካም አሉ። ሆላንድ ውስጥ በላይደን ዩኒቨርሲቲ አልበርት ዳሃንና ባልደረቦቹ በዚያው ጋዝ፣ በዚያው መጠን ሞክረው በግልጽ ቀንሷል አሉ። ሁለቱም ጠንቃቃ ቡድኖች ናቸው፤ የላይደኖቹ የሚተነፈሰውን ጋዝ ከትንፋሽ ትንፋሽ በኮምፒውተር ነበር የሚቆጣጠሩት። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ?

ልዩነቱ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር ላይ ነበር። በአንዱ ዓይነት ሙከራ ሰዎቹ ዓይናቸውን ገልጠው ቴሌቪዥን እያዩ ነው። በሌላው ጸጥ ባለ ክፍል ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል። ቴሌቪዥን ለሚያየው ሰው ጠባቂው ይሠራል፤ ለተጋደመው ያንቀላፋል። ኦክስፎርድ ያለው ጃይዲፕ ፓንዲት በ2002 እስከዚያ የታተሙትን የሰው ሙከራዎች ሰብስቦ በስታቲስቲክስ ሲመዝናቸው ሁለት ነገሮች ጎልተው ወጡ። አንደኛው የጋዙ ዓይነት ነው፤ ከሁሉ የሚያፈዘው ሃሎቴን ነው፣ አዲሱ ሴቮፍሉሬን በጣም ያንሳል። ሁለተኛው የሰውየው መነቃቃት ነው፤ የሚያየውና የሚሰማው ነገር ያለው ሰው ከተጫነው ጋዝ ጋር ይታገላል።

ጋዞቹ በዚህ ረገድ ለምን እንደሚለያዩ መልሱ የመጣው ከሴል ውስጥ ነው። በካሮቲድ አካል ውስጥ ያሉት ቀማሽ ሴሎች ግድግዳ ላይ ፖታሲየም ቀስ እያለ የሚወጣባቸው፣ ታስክ የሚባሉ ቀዳዳዎች አሉ። ኦክስጅን በቂ ሲሆን ቀዳዳዎቹ ክፍት ናቸው፣ ሴሉም ዝም ይላል። ኦክስጅን ሲጎድል ይዘጋሉ፤ ፖታሲየሙ ሲታገድ የሴሉ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፣ ካልሲየም ይገባል፣ መልእክቱ በነርቭ ወደ አንጎል ይሄዳል። የኦክስፎርዱ ኪት በክለር ይህን በአይጥ ሴሎች ላይ ሲያጠና በ1999 ፈረንሳይ ውስጥ የነበረ ሌላ ቡድን የሚተነፈሱ ማደንዘዣዎች የዚህ ቤተሰብ ቀዳዳዎችን እንደሚከፍቱ አሳይቶ ነበር። ሁለቱን መስመሮች ማገናኘት ብቻ ቀረ። የኦክስጅን እጥረት ሊዘጋው የሚሞክረውን ቀዳዳ ሃሎቴን ከፍቶ ይይዘዋል፤ ሴሉ ደም ሲጠቁር እያየ አይናገርም። በ2009 ፓንዲትና በክለር አብረው የአይጥ ሴሎችን ኦክስጅን ሲያሳጡ ወደ ውስጥ የሚገባው ካልሲየም በሃሎቴን ሥር ከሴቮፍሉሬን ሥር ይልቅ እጅግ ቀነሰ። በሰው ላይ የታየው ቅደም ተከተል በሴሉም ላይ ተገኘ። ለዓመታት በሰው ትንፋሽ ላይ የተካሄደ ክርክር በአጉሊ መነጽር ሥር ተመሳሳይ መልስ ሲያገኝ ማየት ደስ ይላል።

ይህ ሁሉ የሚያገባው ከማገገሚያ ክፍሉ ነርስ ጋር ነው። ሕመምተኛውን በስሙ እየጠራች፣ ትከሻውን እየነካች፣ «ዓይንህን ግለጥ፣ በረጅሙ ተንፍስ» የምትለው ለደግነት ብቻ አይደለም፤ ቴሌቪዥኑ ለፈቃደኞቹ ያደረገውን ነው የምታደርግለት። ስትዞር፣ ቤተሰቡም ሰላም ብሎት ሲወጣ፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል ያ ሰው ቴሌቪዥን እንዳልነበራቸው ፈቃደኞች ዓይኑን ጨፍኖ ይጋደማል። ለዚያ ሰዓት ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1974 መሠረቱን ያወጣው መሣሪያ አለ፤ ጣት ላይ የሚሰካው ኦክሲሜትር። ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ የደምን ኦክስጅን ይለካል፤ ሲወርድ ይጮኻል። የፈዘዘውን የአንገት ጠባቂ ሥራ ከውጭ ሆኖ የሚሠራው እሱ ነው።

ለኛ አገር ነገሩ ይበልጥ ይቀርባል። የበለጸጉት አገሮች ሃሎቴንን ከተዉት ቆይተዋል፤ በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ግን ለረጅም ዓመታት ዋናው የሚተነፈስ ማደንዘዣ እሱ ሆኖ ኖሯል፤ ከጋዞቹ ሁሉ ጠባቂውን ይበልጥ የሚያስተኛው ማለት ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምንስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው በሩብ ያህል ያንሳል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ለክተው ደማቸው በአማካይ 95.3 ከመቶ ኦክስጅን ተሸክሞ ማግኘታቸው እውነት ነው፤ ያስደንቃል። ያ ግን የነቃና የጤነኛ ሰው ልኬት ነው። ከኦፕራሲዮን ወጥቶ ሃሎቴን ገና በደሙ ያለበት ደገኛ፣ ሳንባው ጥቂት ቢታመቅና ትንፋሹ ቢያጥር፣ ኦክስጅኑ ከባሕር ዳርቻው ሰው ቀድሞ የሚወርድ ነው፤ ሲወርድም ሰውነቱ አይነግረውም። ስለዚህ ማገገሚያ ክፍል ውስጥ «ነቅቷል፣ ያወራል» ተብሎ የኦክስጅን ጭንብሉ ቶሎ እንዳይወርድ፣ ኦክሲሜትሩም ለሚቀጥለው ሕመምተኛ ይፈለጋል ተብሎ ከጣቱ እንዳይነቀል እለምናለሁ። ዘመድ ለመጠየቅ የሚገባ ሰውም ሕመምተኛው እንቅልፍ ሲወስደው ዝም ብሎ ከመውጣት ይልቅ ነርሷን ጠርቶ «ተኝቷል፣ መሣሪያው ጣቱ ላይ አለ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ደግ ነው።